አንድ ትዕይንት፣ አንድ ቀለም፦ ከዓመት በላይ በስክሪቭነር ልብ ወለድ ስጽፍ

ስክሪቭነር በሚባለው የመጽሐፍ መጻፊያ ፕሮግራም ላይ ብዙ ጸሐፊ ቅር የሚለው አንድ ነገር አለ። ለአንድ ትዕይንት አንድ ሌብል ብቻ ነው የሚሰጠው። ሌብል ማለት ባለቀለም መለያ ነው፤ የታሪክ መስመሮቹን በቀለም የሚለይ ሰው የሚጠቀመው እሱን ነው። ሁለት መስመር አንድ ትዕይንት ውስጥ ቢገናኙስ? አንዱን ትመርጣላችሁ፣ አለቀ። ግማሽ ቀይ ግማሽ ሰማያዊ የሚባል ነገር የለም።

እኔ ዛሬ ለዚህ ነገር ልከራከርለት ነው የመጣሁት። ከዓመት በላይ ከተጠቀምኩበት በኋላ፣ የዚህን ፕሮግራም ዋጋ ከፍዬ ካገኘሁት ሁሉ ይህ አንድ ቀለም ይበልጥብኛል።

መጀመሪያ ስለምጽፈው ነገር ትንሽ ልበል፤ ያለዚያ አይገባም። የምኖረው ድሬዳዋ ነው፣ ሳቢያን። ልብ ወለዱም የድሬ ነው። አራት መስመር አለው። አንዱ የአባት ነው፤ ዕድሜውን ምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ የጨረሰ ሰው፣ ፈረንሳይኛው ከአማርኛው የሚቀድምበት፣ ከተማዋን ባቡሩ ወለዳት ብሎ የሚያምን (ደግሞም እውነቱን ነው፤ ሐዲዱ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላልቻለ በቆላው በኩል አልፎ በ1902 እ.ኤ.አ. እዚህ ባይደርስ ኖሮ ድሬ የምትባል ከተማ አትኖርም ነበር)። ሁለተኛው የእናት ነው፤ አሸዋ ገበያ ልብስ ትነግዳለች። ሦስተኛው የልጅቷ ነው፤ ቤቷ ከዚራ ሰፈር፣ ልቧ መጋላ ሰፈር። አራተኛው የታናሽ ወንድሟ ነው። እሱ ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ 1998 ዓ.ም.፣ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከተማውን በመታበት ሌሊት ይጠፋል። ያን ሌሊት ድሬ ያለ ሰው አይረሳውም። ከ200 በላይ ሰው ነው የሞተው። በልብ ወለዱ ውስጥ የልጁ አስከሬን አይገኝም። ሞቷል ወይስ ጅቡቲ ገብቷል? መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር መያዝ ያለበት ይህ ጥያቄ ነው።

ቀለም ሰጠኋቸው። አባት ቀይ፣ እናት አረንጓዴ፣ ልጅቷ ቢጫ፣ ወንድም ሰማያዊ።

ስለ ፕሮግራሙ ደግሞ ለማያውቀው ሰው ባጭሩ። ስክሪቭነርን የሠራው ኪት ብላውንት የሚባል እንግሊዛዊ ነው፤ ድርጅቱ ሊትሬቸር ኤንድ ላቴ ይባላል። መጀመሪያ በ2007 እ.ኤ.አ. ለማክ ነው የወጣው። ሦስተኛው ስሪት ለማክ በ2017፣ ለዊንዶውስ ደግሞ በ2021 መጣ። ከወርድ የሚለየው፣ መጽሐፉን እንደ አንድ ረጅም ፋይል ሳይሆን እንደ ብዙ ትናንሽ ቁራጮች መያዙ ነው። እያንዳንዱ ትዕይንት የራሱ ቁራጭ ነው፣ የራሱ ካርድ አለው፣ ካርዱ ላይ አጭር መግለጫ ትጽፋላችሁ። ካርዶቹ ኮርክቦርድ በሚሉት ሰሌዳ ላይ ይደረደራሉ። ይህን ሁሉም ያውቀዋል፤ አላደክማችሁም።

ብዙ ሰው የማይነካት አንዲት ነገር ግን አለች። ሦስተኛው ስሪት ላይ ኮርክቦርዱን በሌብል ማስደርደር ይቻላል። እሷን ስትጫኑ ካርዶቹ ከተራ ሰልፋቸው ይወጡና በየቀለማቸው መስመር ላይ ይሰካሉ። ቀዩ ለብቻው መስመር፣ አረንጓዴው ለብቻው፣ ቢጫው፣ ሰማያዊው። ከግራ ወደ ቀኝ የታሪኩ ቅደም ተከተል እንዳለ ይጠበቃል። ካርዱን ጎትታችሁ ወደ ሌላ መስመር ብትወስዱት ሌብሉም አብሮ ይቀየራል።

አንድ ነገር አስተውሉ፤ ሰሌዳው የሚያሳየው የመረጣችሁት ፎልደር ውስጥ ያሉትን ካርዶች ነው። በየምዕራፉ ፎልደር ከከፈላችሁት የሚታየው የዚያ ምዕራፍ ብቻ ነው። ስለዚህ እኔ ምዕራፍ የሚባል ነገር ገና አልከፈልኩም። ትዕይንቶቼ ሁሉ አንድ ፎልደር ውስጥ ናቸው። ምዕራፍ መክፈል መጨረሻ ላይ ይደረሳል።

እንግዲህ ረቂቁ ተጋምሶ ካለፈ በኋላ አንድ ማታ ያቺን ነገር ተጫንኳት። ሰማያዊው መስመር መጀመሪያ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ከጎርፉ ሌሊት በኋላ ባዶ ነው። ባዶ፣ ባዶ፣ ባዶ፤ ስክሪኑን ወደ ቀኝ ብትገፉት፣ ብትገፉት፣ ምንም የለም። መጨረሻው አካባቢ አንድ ካርድ ብቻዋን ተሰክታለች።

አቦ፣ ደነገጥኩ። ምክንያቱም ስጽፍ ልጁ ሁሉም ቦታ ያለ ነበር የሚመስለኝ። እናት ልብስ ስታጥፍ ታስታውሰዋለች። አባት ወርክሾፕ ውስጥ ቆቡን ያገኛል። ልጅቷ ድልድዩን ስትሻገር ስሙን ትጠራለች። ልጁ በየገጹ አለ። ግን ስሙ ተነሳ ማለት መስመሩ ተራመደ ማለት አይደለም። ስለ እሱ የሚታወቀው ነገር ከጎርፉ ማግስት ጀምሮ ንቅንቅ አላለም። አንባቢ በመሐል ጥያቄውን እርግፍ አድርጎ ይተወዋል፤ ጸሐፊው ግን ስሙን ደጋግሞ ስለጻፈው አይታወቀውም።

ደቻቱን የምታውቁ ይገባችኋል። ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አሸዋ ነው፣ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል፤ ያን ጊዜ ግን ላይኛው አገር ደጋው ላይ የሚዘንበው ዝናብ የማንም ሐሳብ ውስጥ የለም። አንድ የታሪክ መስመርም ደርቆ ሊቆይ ይችላል፤ ግን ከላይ እየዘነበ መሆኑን አንባቢ አልፎ አልፎ መስማት አለበት። ካልሰማ መጨረሻ ላይ የሚመጣው ጎርፍ ከየት መጣ ይላል።

አሁን ወደ ክርክሩ ልምጣ።

ሁለት ቀለም ቢፈቀድ ኖሮ ምን አደርግ ነበር? ግልጽ ነው። የእናት የገበያ ትዕይንት ላይ አረንጓዴና ሰማያዊ። የአባት የወርክሾፕ ትዕይንት ላይ ቀይና ሰማያዊ። የልጅቷ የድልድይ ትዕይንት ላይ ቢጫና ሰማያዊ። ሰማያዊው መስመር ከዳር እስከ ዳር ሙሉ ሆኖ ይታየኝ ነበር። እያየሁትም ደስ ይለኝ ነበር። ባዶነቱን ያሳየኝ አንድ ብቻ ምረጥ ብሎ መከልከሉ ነው።

መምረጥ ደግሞ ቀላል አይደለም። እዚህ ከምታነብልኝ አንዲት ጓደኛዬ ጋር፣ እሷም ጸሐፊ ናት፣ በአንድ ትዕይንት ስንት ማታ ሻይ ቀዝቅዞብናል። ትዕይንቱ እንዲህ ነው። እናት አሸዋ ገበያ ሱቋ ውስጥ ናት። ከጅቡቲ መስመር ጨርቅ ይዛ የመጣች ሴት ትገባለች። ዋጋ ይከራከራሉ። ሴትዮዋ በወሬ መሐል፣ እዚያው ጅቡቲ፣ አሊ ሳቢህ ላይ ልጅሽን የሚመስል ልጅ አየሁ ትላለች። እናት ዋጋውን ሳትጨርስ ሱቋን ትዘጋለች።

ጓደኛዬ «የእናትየዋ ነው፣ አረንጓዴ ነው፤ ሱቁ የእሷ፣ ዓይኑ የእሷ፣ ድንጋጤው የእሷ» አለች። መጀመሪያ እኔም አረንጓዴ ነበር የሰጠሁት፤ ቦታው ገበያ ስለሆነ። ነገር ግን ቀለም የምሰጥበትን ጥያቄ ሳስብበት መልሱ ተለወጠ። ጥያቄው ይህ ነው፦ ከዚህ ትዕይንት በኋላ የማን ነገር ነው የተለወጠው? የእናት ንግድ ያው ነው። የእናትና የአባት ኩርፊያ ያው ነው። የተለወጠው የልጁ ነገር ነው፤ ቅድም ሞቷል ወይ ነበር፣ አሁን አየሁት የሚል ሰው አለ። ስለዚህ ሰማያዊ ነው።

ቀለሙ ሲቀየር ትዕይንቱም ተቀየረ። ቀድሞ አብዛኛው ክፍል የዋጋ ክርክር ነበር፤ የገበያው ወሬ፣ የጨርቁ ዓይነት፣ ሙቀቱ። ወሬው መሐል ላይ ተወሽቆ ያልፍ ነበር። ሰማያዊ ከሆነ ግን ወሬው መውጫው ላይ መሆን አለበት፣ ክርክሩም ወደ እሱ መሮጥ አለበት። ከመንካቴ በፊት ስናፕሾት አነሳሁ፤ ስክሪቭነር የድሮውን ቅጂ እዚያው ቁራጩ ሥር ያስቀምጥላችኋል፣ ካልጣማችሁ ትመልሱታላችሁ። እኔ አልመለስኩትም። ጓደኛዬ እስከ ዛሬ አረንጓዴ ነው ትላለች፤ አዲሱ ግን የተሻለ መሆኑን አምናለች።

አባት ያገኘው የልጁ ቆብ ጉዳይ ተቃራኒ ሆነ። ያንኑ ጥያቄ ጠየቅኩት። አባት ቆቡን ካገኘ በኋላ የማን ነገር ተለወጠ? የማንም። ልጁ ዱሮም ወርክሾፕ ይመጣ እንደነበር አንባቢ ያውቃል። ትዕይንቱ ቀይ ሆኖ ቀረ፣ ቆቡም ወጣ። ቆቡን እወደው ነበር፤ ግን ሰማያዊውን መስመር አንድ እርምጃ ካላስኬደው እዚያ ምን ይሠራል?

እሺ፣ ሌሎቹስ? እናት በዚያ ሰማያዊ ትዕይንት ውስጥ የለችም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አለች እንጂ። ለዚያ ቁልፍ ቃል የሚባል ሌላ ነገር አለ። ለአንድ ትዕይንት የፈለጋችሁትን ያህል ቁልፍ ቃል መስጠት ትችላላችሁ። ማን ማን አለ፣ የት ነው፣ የትኛው ዕቃ ይታያል፣ ሁሉም እዚያ ይገባል። ሌብሉ ትዕይንቱ የማን እንደሆነ ይናገራል፣ ቁልፍ ቃሉ ማን እንዳለበት። ሁለቱን መለየት ነው የጠቀመኝ። ሁለት ቀለም ስጡን የሚለው ሰው፣ እንደሚመስለኝ፣ የሚፈልገው ቁልፍ ቃል ነው።

ቁልፍ ቃሉን ፈልጋችሁ ውጤቱን ኮሌክሽን፣ ማለትም የተመረጡ ትዕይንቶች ዝርዝር፣ አድርጋችሁ ማስቀመጥ ይቻላል። ከዚያ ልጁ ያለበትን ወይም የተነሳበትን ትዕይንት ሁሉ፣ ሌላውን ዘላችሁ፣ ተከታትላችሁ ታነባላችሁ። ይህን አድርጉት፣ በእውነት አድርጉት። መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ስታነቡ የማይታይ ነገር ይወጣል። እኔ ዘንድ የወጣው፣ ማን ምን መቼ እንዳወቀ ነው። ልጅቷ ድልድዩ ላይ፣ ወንድሜ ጅቡቲ ይሆን ብላ ታስባለች፤ እናት ግን የአሊ ሳቢህን ወሬ ለማንም አልተናገረችም። በመሐላቸው የአባት ትዕይንቶች ስለሚገቡ ሲነበብ አይሰማም። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ስታደርጓቸው ይጮኻል። አሁን እናት ትነግራታለች፤ ያ የመንገር ትዕይንት ባዶው ሰማያዊ መስመር ላይ ገባ፣ የሁለቱ ጠብም ከዚያ ተነሳ፣ ልጅቷ ወደ መጋላ የምትሄድበት ምክንያትም ከጠቡ።

የሌላ ፕሮግራም ሻጭ ቢኖር ኖሮ፣ ከፊቴ ቁጭ ቢል፣ ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ። «የኛ ፕሮግራም እኮ ለአንድ ትዕይንት አሥር መስመር ይቀበላል፣ ገበታው በቀለም ይንቆጠቆጣል፣ ሴራውንም ራሱ ይሞላልሃል» ይለኛል። ወንድሜ፣ እኔ የሚሞላልኝ አልፈለግኩም። ባዶውን የሚያሳየኝ ነው የፈለግኩት። የእናንተ ገበታ ሁልጊዜ ሙሉ ከሆነ እኔ ምኑን ልይ? ደግሞ ሴራ ይሞላልሃል የምትለው ነገር፤ አሸዋ ገበያ ላይ ሴትዮዋ ጨርቋን እንዴት ዘርግታ እንደምትናገር፣ እናት ለምን ዝም እንደምትል፣ ያን ዝምታ ለማንም ማሽን አልሰጥም። ልጄ የምለው ታሪክ ነው።

የስክሪቭነርን ዋጋም ሊያነሳ ይችላል። ወደ 60 ዶላር ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ነገር ከተለወጠ ወዲህ ይህ በብር ሲመታ ያማል፤ አልዋሽም። ከዚህ ሆኖ በካርድ መክፈልም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው፤ እኔ ውጭ ያለ ዘመድ ነው የከፈለልኝ። ግን አንድ ጊዜ ነው የሚከፈለው። በየወሩ ዶላር የሚጠይቀውን ፕሮግራም ዘመዴን በየወሩ እየለመንኩ እንዴት አድርጌ? ልብ ወለድ ደግሞ በወር አያልቅም። ሙከራውም ደስ የሚል ነው፤ 30 ቀን ይሰጣችኋል፣ የሚቆጠረው ግን የከፈታችሁበት ቀን ብቻ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ብትከፍቱት 15 ሳምንት ይወስዳችኋል። ድሬ ላይ ከቀትር በኋላ በዚያ ሙቀት ማንም አይጽፍም፣ ማታ ደግሞ መብራት አለ የለም፤ ስለዚህ ለእኔ ይህ አቆጣጠር ትልቅ ነገር ነው። መብራት ሲጠፋ የጻፋችሁት አይጠፋም፤ እጃችሁን ከኪቦርዱ ባነሳችሁ በሰከንዶች ውስጥ ራሱ ያስቀምጣል።

አማርኛውስ? ይሠራል። ግዕዙን ኪማን በሚባለው የኪቦርድ ፕሮግራም ብትጽፉት፣ ፎንቱን ኒያላ ብታደርጉት ምንም ችግር የለም። ማወቅ ያለባችሁ፣ ኮምፒውተር ጸሐይንና ፀሐይን ሁለት የተለያየ ነገር አድርጎ ነው የሚፈልጋቸው። ቁልፍ ቃል ከዝርዝር ስለሚመረጥ ከዚህ ጣጣ ያድናችኋል፤ አንድ ጊዜ ትጽፉታላችሁ፣ ከዚያ በኋላ መጎተት ነው።

የዘመን አቆጣጠሩን እንዲህ ፈታሁት። የራሳችሁን መረጃ የምትጨምሩበት ቦታ አለ። እዚያ ቀን የሚል የጽሑፍ ዓምድ ፈጠርኩ፤ የጽሑፍ እንጂ የቀን ዓምድ አይደለም። 1998-11-29 ብዬ እጽፋለሁ፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን። ሐምሌ 11ኛ ወር ነው፣ ጳጉሜ 13ኛ ነው፣ ጽሑፍ ስለሆነ 13ኛ ወር የለም የሚል የለም። ሰዓቱንም በኛው አቆጣጠር እጽፈዋለሁ፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ማለት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። አውትላይነር በሚባለው ዝርዝር ላይ በዚህ ዓምድ ሲደረደር የታሪኩ ትክክለኛ ጊዜ ይወጣል። የአባት ትዝታዎች ወደ ኋላ ስለሚሄዱ ይህ በጣም ጠቅሞኛል።

ከሁሉ ያስቸገረኝ የጎርፉ ሌሊት ነው። አራቱም መስመር እዚያ ይገናኛል። አባት ወርክሾፕ፣ እናት ዕቃዋን ልታወጣ ገበያ፣ ልጅቷ በማዶ፣ ልጁ ውኃው ውስጥ። አንድ ረጅም ትዕይንት ነበር፣ ሁሉም ይሯሯጥበታል። ጓደኛዬ «አሁንስ? አሁንስ አንድ ቀለም ይበቃሃል?» አለችኝ። ጥያቄዋ ትክክል ነበር። የማን ነገር ተለወጠ ካላችሁ የአራቱም ተለወጠ።

መልሱ መቁረጥ ሆነ። ስክሪቭነር አንድን ቁራጭ ጠቋሚው ባለበት ቦታ ለሁለት ይከፍላል፤ አንድ ትእዛዝ ነው። የአንዱ ሰው ነገር የሚለወጥበት ቦታ ላይ ሁሉ ቆረጥኩት። አንዳንዱ ቁራጭ ገጽ አይሞላም። አንዱ አንድ አንቀጽ ነው፤ እናት የውኃውን ድምፅ ስትሰማ። በመስመር ሳስደረድራቸው ቀለሞቹ እየተቀባበሉ ይሄዳሉ፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ እንደገና ሰማያዊ፣ ቢጫ። ያኔ ነው ቢጫው መዘግየቱ የታየኝ። ልጅቷ ማዶ ሆና ሁሉም ካለቀ በኋላ ነበር የምትሰማው። ወደ መጀመሪያ አመጣኋት። አሁን ውኃው ሲመጣ የምታየው እሷ ናት፤ ቤተሰቧ ያለው ግን ወዲያ ማዶ ነው፣ መሻገር አትችልም። ያ ሌሊት ከመጽሐፉ ሁሉ የተሻለው ክፍል ሆኗል፤ ላነበበው ሁሉ እንዲህ ነው የምለው፣ አላፍርበትም።

ስለዚህ ግዙ ወይስ አትግዙ? አንድ መስመር ብቻ ያለው አጭር ታሪክ የምትጽፉ ከሆነ አያስፈልጋችሁም፤ ወርድ ይበቃል። በስልክ ብቻ የምትጽፉም ከሆናችሁ ተዉት፤ ለአይፎንና ለአይፓድ አለ፣ ለአንድሮይድ የለም። የዊንዶውስና የማክ ፈቃድ ደግሞ ለየብቻ ነው የሚሸጠው፤ ከመክፈላችሁ በፊት የትኛው ላይ እንደምትጽፉ እርግጠኛ ሁኑ። ሦስት አራት መስመር ይዛችሁ የትኛው እንደቆመ የማታውቁ ከሆነ ግን፣ ሙከራውን አውርዱ፣ ያላችሁን ረቂቅ አስገቡ፣ በየትዕይንቱ ቁረጡት፣ ለእያንዳንዱ አንድ ቀለም ስጡ፣ ከዚያ በሌብል አስደርድሩት። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት መልሱን ታገኛላችሁ። እኔ በድጋሚ ክፈል ብባል ዘመዴን በድጋሚ እለምነዋለሁ።